ስድስት ቀን በሐኪም ትራስ ላይ

ሰው ስለ አንድ ነገር ምን ያህል ካወቀ በኋላ ነው አፉን መክፈት ያለበት? ግማሹን ሲያውቅ ነው? ሁሉንም አውቆ ሲጨርስ ነው? ወይስ አጠገቡ ያለው ሰው ሲስል? ከመርካቶ ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል፤ መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም። የሆነውን ግን ቀን በቀን ጽፌዋለሁ። መርካቶን ረግጣችሁት የማታውቁ የሐይቅ ሰዎች መንገዱን ታዩበታላችሁ፤ የምታውቁት ደግሞ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ታርሙኛላችሁ። እኔ በጽሑፍ ሲሆን ስሕተት አላልፍም፤ በአፍ ሲሆን ግን ብዙ አልፌያለሁ። የዚህ ጉዞ ጣጣም የመጣው ከዚያ ነው።

ለማያውቀኝ ሰው፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ትምህርት ቤቱን መጀመሪያ የገባሁት መጥረጊያ ይዤ ነው። የማታ ትምህርት አንደኛ ክፍል ስጀምር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ዲግሪዬን ስይዝ ፀጉሬ ሸብቷል። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ አመል አለው፤ ያወቀውን ነገር እንደ አዲስ ጫማ ሳይረግጥበት ይዞት ይዞራል።

የኮሮና በሽታ ካለፈ በኋላ ዓሣ አጥማጆቻችን መረባቸውን ሲስቡ ከቆሮሶው ዓሣ ጋር ሰማያዊ ማስክ ማውጣት ጀመሩ። ከሳይንስ ክበብ ልጆች ጋር አንዱን ማስክ ከአሸዋና ከውሃ ጋር ብልቃጥ ውስጥ ከተን ሳምንት ሙሉ ናጥነው። ከዚያ ከውሃው አንድ ጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግን። ውሃው ክር ብቻ ነበር። ማስክ ጨርቅ ይመስላል እንጂ የጀሪካን ዘመድ ነው፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ እንደ ሸረሪት ድር ተፈትሎ ነው የሚሠራው። አይበሰብስም፤ ይደቃል። ደቃቁ ዓሣው ሆድ ውስጥ ይገባል፤ በሰው ሳንባም ውስጥ እንደተገኘ አንብቤያለሁ። እዚያ ተቀምጦ ምን እንደሚሠራ ግን የሚያጠኑትም ቢሆኑ ጨርሰን አውቀናል አላሉም። ይህን «ጨርሰን አላወቅንም» የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ ስድስት ቀን ሙሉ የተደበቅሁት ከኋላው ነው።

የጉዞው ምክንያት ትራስ ነበር። ትምህርት ቤታችን ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጡ ሴት ልጆች ማደሪያ ከፍቶ አልጋና ብርድ ልብስ አገኘ፤ ሠላሳ ትራስ ጎደለው። ባለፈው ጊዜ ወንበር እንዲገዛ የተላከው መምህር ቁጭ ሲሉበት የሚተኛ ወንበር ጭኖ ስለመጣ፣ «መዲና ትሂድ፤ እሷን የሚያታልል ነጋዴ ገና አልተወለደም» ተባለ። መርካቶ ሰባተኛ አካባቢ የአክስቴ ልጅ እትዬ ዘይነባ አሉ። ባለቤታቸው ጋሼ ሰይድ ትራስ ሠሪ ናቸው። ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

ሰኞ

እሑድ ማታ ደሴ አድሬ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሳቂታ ሴት ገና ኮምቦልቻ ሳንደርስ ከፊታችን ያለው ወንበር ላይ ሁለት ማስክ በጆሮ ላስቲካቸው አንጠለጠለች። አንዱን በገብስ ቆሎ፣ አንዱን ለማቅለሽለሽ በምታሸተው ሎሚ ሞላችው።

«እህቴ፣ ዝገኚ እንጂ» አለችኝ።

«ማስክ ውስጥ ነው» አልኳት።

«ንጹሕ ነው። አፍ ላይ አልዋለም።»

ብዙ ልላት እችል ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን በተራ አሰልፌ ያንን የክር ውሃ ያሳየሁ ሴት ነኝ። ግን ፊቷ በጣም ደግ ነበር፤ እጇም ወደ እኔ ተዘርግቶ ቀረ። ዘገንኩ። ቆሎው ደግሞ ይጣፍጣል። ሸዋሮቢት ስንደርስ ማስኩን ጨርሰነው ነበር።

ጣርማበርን በጉም ውስጥ አለፍን። ደብረ ብርሃን ምሳ በላን፤ ሽሮው እንደኛ ሽሮ ቀይ አይደለም፤ ነጣ ያለ ሆኖ ሲበሉት ነው የሚቆጣው። እኔ እዚያ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፌን ረሳሁ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አስተናጋጁ ጎኑን በመዳፉ እየመታ ሮጠና በመስኮት አቀበለኝ።

«እትዬ፣ ሳይከፍል የሚሄድ አይቻለሁ፤ መጽሐፍ ጥሎ የሚሄድ አላየሁም» አለኝ።

ላምበረት ወርጄ ወደ መርካቶ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። እኛ ጋ ገበያ የሚቆመው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ሲያበቃ ሜዳው ሜዳ ይሆናል። እዚህ ገበያው የሚያበቃበት ሜዳ የለም። ሰው ሳይሆን ሸክም ነው የሚሄደው፤ ሰውየው ሥሩ እንዳለ የሚታወቀው «ዞር በሉ» ሲል ብቻ ነው። ጋሼ ሰይድ ከሩቅ እንዳያቸው ብለው ዝናብ ሳይኖር ቀይ ጃንጥላ ዘርግተው ታክሲ ማቆሚያው ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ከሦስት ሰው በላይ እየሳቀባቸው አለፈ፤ እሳቸው ግን ሻንጣዬን እስኪቀበሉ ድረስ ጃንጥላውን አላጠፉም።

እትዬ ዘይነባ ገና በሩ ላይ አገላብጠው ሳሙኝና «ከስተሻል። ራት እስኪደርስ ጋደም በይ» አሉኝ። የቤቱን ምርጥ ትራስ አምጥተው ደገፉልኝ። ለስላሳ ነበር፤ እንደኛ ቤት የጥጥ ትራስ መሐሉ ጎድጉዶ ጠርዙ አልደነደነም። ዓይኔ ሊከደን ሲል አንድ ነገር ጆሮዬን ያዘኝ። ዳሰስኩት፤ ከስፌቱ የወጣ ነጭ ላስቲክ ነው፤ የጆሮ ጉትቻዬ ላይ ተጠምጥሟል። ቀስ ብዬ ስስበው ላስቲኩ መጣ፤ ከላስቲኩ ጋር ሰማያዊ ቁራጭ መጣ፤ ከቁራጩ ጋር ብናኝ መጣ።

ማስክ ነበር። በአምላክ ሥራ፣ ትራስ ሆኖም እንኳ ጆሮ መፈለጉን አልተወም።

የሰው ቤት ትራስ መዘርገፍ ነውር ነው። ሁሉንም በጣቴ ወደ ቦታው መልሼ በጀርባዬ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ከቁርስ በኋላ ጋሼ ሰይድ መሥሪያ ክፍላቸውን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ከግቢው ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራች አንድ ክፍል ናት። ታሪኩን እንደ ሠርግ ታሪክ ነው የነገሩኝ። ዱባይ ተራ ሱቅ ያለው ዘመዳቸው በበሽታው ጊዜ ማስክ አስመጣ። ማስኩ ሲደርስ በሽታው ሄደ። ካርቶኑ ጎጃም በረንዳ መጋዘን ውስጥ ተቆልሎ ጊዜው አለፈበት። ለመጣል ፈቃድ፣ ለማቃጠል ቦታ ጠፋ። ጋሼ ሰይድ «ለእኔ ስጠኝ» አሉት።

«ሰው አዲስ ነገር ይጥላል?» አሉኝ። «ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። የሐኪም ዕቃ ነው። ጀርም አያሳልፍም። አፍ ላይ ሲሆን የሚጠብቅ፣ ጭንቅላት ሥር ሲሆን እንዴት አይጠብቅም? ሰዉ ስሙን ራሱ አወጣለት፤ የሐኪም ትራስ።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ሽንገላ አልነበረም። ያምኑበታል። ራሳቸው ይተኙበታል።

ቆራጮቹ ሁለት ናቸው፤ እትዬ ዘይነባና ሉባባ የምትባል የጎረቤት ሴት። መሬት ላይ ተቀምጠው አንዱን ማስክ ያነሡና የላይኛውን ጠርዝ በጥርሳቸው ቀደድ አድርገው የአፍንጫውን ሽቦ ይመዛሉ፤ ላስቲኩን ይቆርጣሉ፤ የቀረውን እንደ ጎመን ይከትፋሉ። ሽቦው ለብረት ገዢ ይሄዳል፤ ላስቲኩን ቅመም ቋጣሪዎች ይወስዱታል። አንድም የሚባክን ነገር የለም። ጋሼ ሰይድ ጥግ ላይ በስፌት መኪናቸው የተሞላውን ይዘጋሉ። ከቆርቆሮው ቀዳዳ የገባች የፀሐይ ጨረር መሐል ላይ ቆማለች፤ ውስጧ በሰማያዊ ብናኝ ተሞልቷል። ቀኑን ሙሉ ማስክ ከሚቆርጡት ሰዎች አንዳቸውም ማስክ አላደረጉም።

እትዬ ዘይነባ ሳሉ። ደረቅ፣ አጭር ሳል ነው፤ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ሦስት ጊዜ ብሎ ያቆማል።

«ምን ሆነው ነው?» አልኩ።

«አቧራው ነው። መንገዱን ሲቆፍሩት ዓመት ሞላው» አሉ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። በጽሑፍ ቢሆን ሁለት ገጽ እሞላ ነበር። እኔ ግን ነጠላዬን ወደ አፍንጫዬ ሳብ አደረግሁና «እኔን ጉንፋን ይዞኛል፤ እንዳላጋባችሁ» አልኩ።

ውሸቱ ገና ከአፌ ሳይወጣ ተቀጣሁበት። እትዬ ዘይነባ መቀሳቸውን ጥለው ተነሡ። ነጭ ሽንኩርት በማር መጣ፤ ዝንጅብል መጣ፤ ሉባባ ከቤቷ ዳማከሴ ጨምቃ አመጣች። ሁሉንም አፍንጫዬን በነጠላ እንደያዝኩ ዋጥኩ። ወደ ምሽት ጋሼ ሰይድ በክንዳቸው ሥር አንድ ነገር ይዘው መጡ።

«ለጉንፋን እሱን የመሰለ የለም» ብለው ሁለተኛ የሐኪም ትራስ ደረቡልኝ።

ረቡዕ

እንዳልነሣ ተከለከልኩ። በሁለት ትራስ ላይ ከፍ ብዬ እንደ አራስ ተቀመጥኩ። ጠዋት ፌጦ በሎሚ፤ ረፋድ ላይ ትኩስ ሾርባ፤ ከዚያ ደግሞ «አላላበሽም» ተብሎ ተጨማሪ ብርድ ልብስ። ሐይቅ ሳለሁ እውነተኛ የሳንባ ምች ይዞኝ ለሁለት ቀን አንድ ሻይ ያፈላልኝ ሰው አልነበረም፤ መርካቶ ላይ በሌለ ጉንፋን ነገሥኩ።

ከቀትር በኋላ ሁሉም ወደ ሥራ ሲመለሱ ከትራሱ ጥቂት ብናኝ መዝዤ በውሃ ብርጭቆ ውስጥ በጠበጥኩ። ጥቁር ሻሽ ከጀርባው ዘርግቼ፣ ወደ ፀሐይ አዙሬ፣ በማንበቢያ ማጉሊያዬ አየሁት። የሐይቁ ጠብታ ውስጥ ያየሁት ዓይነት ክር ነው፤ እዚህ ግን ያለ ማይክሮስኮፕ ይብለጨለጫል። ሉባባ ሾርባ ይዛ ስትገባ በዚህ ላይ ደረሰችብኝ።

«ምንድን ነው የምታዪው?»

«ውሃ።»

«ውሃ በማጉሊያ ይታያል?» ብርጭቆውን አየችው፤ ሻሹን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የሐይቅ ሰው ውሃ ያነባል ሲሉ ሰምቻለሁ። የእኔንም እዪልኝ» አለች።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት የመሰለ ነገር መጣልኝ። ፊት ለፊት የማልለውን እውነት በዚህ በኩል ባሾልከውስ? ይህን ያህል ያስተማረኝን መንግሥት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«ቁጭ በይ» አልኳት። «ክር ይታየኛል። ብዙ፣ ቀጭን ክር። ዙሪያሽን ይዞራል።»

«እሺ።»

«ሲገባ አይታይም። አንዴ ከገባ ደግሞ አይወጣም። ትንፋሽ ያሳጥራል።»

ሉባባ ጉልበቷን መታች። «አማቴ ናት» አለች። «ልክ ናት። ሳላያት ነው የገባችው፤ ይኸው አራት ወሯ፣ አልወጣችም።»

«አማትሽ አይደለችም።»

«አንቺ አታውቂያትም። መፍትሔውስ?»

«መቀስ አትንኪ» አልኩ። «ከነካሽም አፍንጫሽን ሸፍኚ፤ መስኮትም ክፈቺ።»

ሉባባ የሰማችው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ብቻ ነበር። የተናገርኩ መስሎኝ፣ በሠራሁት ሥራ ተደስቼ ሾርባዬን ጠጣሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ሉባባ መጣች። ተቀመጠች። መቀስ አልነካም አለች።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ጋሼ ሰይድ።

«በውሃ ታይቶብኛል።»

«ማን አየብሽ?»

የሉባባ ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ጋሼ ሰይድ ሰላታቸውን የማያጓድሉ ሰው ናቸው፤ በቤታቸው ጥንቆላ ቀርቶ የጋዜጣ ኮከብ ቆጠራ እንኳ አይነበብም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። የስፌት መኪናቸውን አቁመው ብዙ ጊዜ አዩኝ።

«መዲና፣ አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ» አሉ። ከዚያ መኪናቸውን ቀጠሉ።

ሉባባ የትራስ ልባስ ወደ መለካቱ ሥራ ዞረች። የእሷን የማስክ ክምር እትዬ ዘይነባ ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ምን ይደረግ፣ ሥራ ሥራ ነው» ብለው ከትናንቱ እጥፍ መቁረጥ ጀመሩ። እስከ ምሳ ድረስ ሳላቸው ሦስት ጊዜ ማንኳኳቱን ትቶ በሩን መግፋት ጀመረ። የእኔ ብልሃት ሉባባን አሥር እርምጃ ከብናኙ አራቀ፣ የአክስቴን ልጅ ደግሞ ሁለት እጥፍ አጎረሳቸው። አሁን ተነሥቼ እውነቱን ብናገር ማን ይሰማኛል? ትናንት ውሃ ያነበብኩ ሴት ዛሬ ሳይንስ ላንብብ?

ከምሳ በኋላ ጋሼ ሰይድ ለልጆቹ ትራስ ጨርቅ እንምረጥ ብለው ይዘውኝ ወጡ። ቂም የማያውቁ ሰው ናቸው። በዱባይ ተራ መተላለፊያ እንደ መርፌ እየሾለኩ፣ በየሱቁ «የአክስታችን ልጅ ናት፤ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ነው የምትመራው» እያሉ አስተዋወቁኝ። ቤተ መጻሕፍቴ አራት መደርደሪያ እንዳለው አልተናገርኩም። አበባ ያለበት ውብ ጨርቅ መረጥን። ከዚያ ጎጃም በረንዳ ወስደው መጋዘኑን ከፈቱልኝ። ካርቶኑ እስከ ጣሪያ ድረስ ነበር። ከኋላውም ሌላ ረድፍ፣ ከእሱም ኋላ ሌላ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ለዘይነባና ለእኔ እስከ እርጅናችን ይበቃናል» አሉ። ቀጥለውም «የልጆቹን ሠላሳ ትራስ ከዚሁ ሞልቼ በነጻ እሰጥሻለሁ። የጨርቁን ብቻ ክፈዪ። ሰደቃ ይሁንልኝ» አሉኝ።

ሠላሳ ሴት ልጆች ታዩኝ፤ ፊታቸውን ብናኙ ላይ ደፍተው። እዚህ ላይ እንኳ ዝም አላልኩም፤ ግን ዋሸሁ።

«ርዕሰ መምህራችን ከጥጥ ሌላ አይቀበሉም» አልኩ። «እልኸኛ ናቸው።»

«እንግዲያው ለእሳቸው ሠላሳ አንደኛ እሠራላቸዋለሁ። አንድ ቀን ይተኙበት፤ ከዚያ ያወራሉ።»

«ጋሼ ሰይድ፣ ጭነቱስ? ሠላሳ የተሞላ ትራስ አውቶቡሱ አናት ላይ ተራራ ይሆናል። ልባሱን ባዶውን ልውሰድ። ጥጡን ኮምቦልቻ እንሞላዋለን።»

ይህኛው እውነት ስለሆነ ወዲያው ገባቸው። ልባሱን በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ልንከተው ተስማማን። ስንመለስ መንገድ ላይ ሳምቡሳ ገዝተው አስያዙኝ። እኔ ግን ሳምቡሳውን ይዤ የማስበው ሌላ ነበር፤ ለማላውቃቸው ሠላሳ ልጆች ውሸትም ቢሆን ቃል አገኘሁ፤ ለእትዬ ዘይነባ ግን አላገኘሁም።

ዓርብ

ለጁምዓ መቀስ ቆመ። ጋሼ ሰይድ ወደ መስጊድ ሄዱ። እትዬ ዘይነባ ልብሳቸውን ቀይረው፣ እጃቸው ባዶ ሆኖ፣ ግቢው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ከቀትር እስከ አስር ሰዓት የሳሉት ሁለት ጊዜ ነው። ቆጥሬያለሁ። አንድ ዓርብ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ስለዚህም ዝም አልኩ። ጥሩ ተማሪ ነኝ።

«በስንት ዓመትሽ ነው ፊደል የጀመርሽው?» አሉኝ።

«በሃያ ስድስት።»

«እኔ ሃምሳ ስምንት ነኝ። ይሆናል?»

«ይሆናል። ዓይን ካለ ይሆናል።»

«ዓይንስ አለኝ።» ቀጥለውም «መጽሐፍ ውስጥ ስለ እኔ ዓይነት ሰው ይጻፋል? ማለቴ፣ ትራስ ስለምትሞላ ሴት?» አሉኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ አራት ገጽ ወረቀት ነበር። በሥራ ቦታ የፕላስቲክ ብናኝ ስለሚተነፍሱ ሰዎች ነው የሚያወራው። ከሳይንስ ክበቡ ጊዜ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። እንግዲህ ስለ እሳቸው የተጻፈውን እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ እኔ ማንበብ እችላለሁ፤ በመካከላችን ያለው አንድ ክንድ ነው።

«አልፎ አልፎ ይጻፋል» አልኩ።

ሳቁ። «ደስ ይላል» አሉ።

ቅዳሜ

ሁለቱም ላምበረት ድረስ ሸኙኝ። የማዳበሪያውን ከረጢት ጋሼ ሰይድ ራሳቸው አውቶቡሱ አናት ላይ ወጥተው አሰሩት፤ ረዳቱን አላመኑትም። እትዬ ዘይነባ ለመንገድ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጠሩልኝ። ልሳፈር ስል ጋሼ ሰይድ ከጀርባቸው በዚያው በአበባው ጨርቅ የተሰፋ አንድ ትራስ አወጡ። ሙሉ ነው።

«ይህ የግልሽ ነው። ጉንፋንሽ መንገድ ላይ እንዳይነሣብሽ።»

እትዬ ዘይነባ በመስኮቱ ሥር ቆመው ቀና አሉ። ሁለት ቀን ፊቴን ሲያጠኑት እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«መዲና፣ የምትነግሪኝ ነገር ነበረሽ?»

«የለም፣ እትዬ ዘይነባ» አልኩ። አውቶቡሱ ሄደ።

ትራሱ ጭኔ ላይ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አይተው አይተው «ልጄ፣ አንቺ ካልተኛሽበት» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ከሸኖ እስከ ከሚሴ አንዴም ሳይነቁ ተኙበት። ሲነሡ «እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከወጣትነቴ ወዲህ አላውቅም፤ የት ነው የሚሸጠው?» አሉ። ያልሰማሁ መሰልኩ።

ከዚያ በኋላ

ሠላሳው ልባስ በጥጥ ተሞላ፤ ልጆቹ ተኙበት። የእኔ ትራስ ግን ቤቴ ውስጥ መድረሻ አጣ። አልተኛበትም። ልጥለው ብል የሚወርደው ወደ ሐይቁ ነው። ላቃጥለው ብል ጭሱ ለጎረቤት ነው። ልቅበረው ብል ከእኔ በኋላ እሱ ነው የሚኖረው። በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቀልኩት፤ ሰው ሲጠይቀኝ «የእንግዳ ነው» እላለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ አላወርደውም።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ዘይነባ ናቸው። ከኋላቸው መቀስና የስፌት መኪና ይሰማል፤ ሉባባ ወደ መቀሱ ሳትመለስ አልቀረችም።

«ጉንፋኑ ተሻለሽ?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ሳሉ። ሦስት አልነበረም፤ መቁጠሩን ተውኩት። ሲጨርሱ «ይሄ አቧራ» አሉ።

«ጉንፋን አልነበረም» አልኩ። ልናገር ብዬ ያሰብኩት ነገር አልነበረም። «እትዬ ዘይነባ፣ ማስኩ ፕላስቲክ ነው። ስትቆርጡት ይበናል፤ የሚበነው በአፍንጫ ይገባል። ሳልዎ ከእሱ ይሁን ከሌላ አላውቅም፤ የሚያውቅ ሐኪም ይይዎት። ግን አፍንጫዬን በነጠላ የሸፈንኩት ለእሱ ነው።»



«አምስት ቀን አጠገቤ ተቀምጠሽ?» አሉ።

«አዎ።»

«የራስሽን ሸፍነሽ?»

«አዎ።»

ስልኩን የዘጉት መሰለኝ። አልዘጉትም። ድምፃቸው ራቅ ብሎ መጣ፤ ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጠው ድምፁን ለሁሉም ከፍተውታል። «ሉባባ፣ ነይ ስሚ። መዲና ናት። መዲና፣ ለእኔ ያልሽውን ሳትቀንሺ ድገሚው።»

እኔ ከሁለት ሰው በላይ ፊት ወረቀት ሳልይዝ ተናግሬ አላውቅም። ደገምኩት። መስኮቱንም፣ መሸፈኛውንም፣ ሐኪሙንም ጨመርኩበት፤ ያላወቅሁትንም አላውቀውም አልኩ። የመቀሱ ድምፅ ቆመ።

«ታዲያ አማቴ አልነበረችም?» አለች ሉባባ።

«አልነበረችም።»

«እኔ ደግሞ ስንት ቀን ሰላም ሳልላት።»

የስፌት መኪናው ግን እየሄደ ነበር። እንደውም ፈጠን ያለ መሰለኝ።

«ጋሼ ሰይድ አልሰሙም እንዴ?» አልኩ።

«ሰምቷል» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ያልሰማ መስሎ ነው። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።»

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰባት ተማሪዎች ያነባሉ። በራሴ እጅ ጽፌ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት «ጸጥታ» የሚል ወረቀት ፊት ለፊቴ ነበር። ሰባቱም ከመጽሐፋቸው ቀና እስኪሉ ድረስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።